ክርስቲያን ኮሌጅ ውስጥ የሴቶች መረብ ኳስ ማሰልጠን፦ የማትሰለፈዋን ልጅ ምን እንበላት?

መረብ ዳር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ አነስተኛ የአሜሪካ ክርስቲያን ኮሌጅ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆኜ ልጀምር ነው። በረዳትነት ስለሠራሁ ልምምዱ አያስፈራኝም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ቡድኑ ውስጥ 16 ልጆች አሉ። ሜዳ የሚገቡት ስድስት ናቸው። ሊቤሮዋን (ከኋላ ብቻ የምትከላከለዋን) እና ጥቂት ተቀያሪዎችን ብንጨምር ዘጠኝ ወይ አሥር ልጅ ይጫወታል። የቀሩት በጠዋት እየተነሱ እየሠሩ፣ በየጨዋታው ቆመው እያጨበጨቡ የውድድር ዘመኑ ያልቅባቸዋል።

ሌላ ቦታ ቢሆን "ስፖርት ነው፣ የተሻለችው ትሰለፋለች" ተብሎ ይታለፋል። እዚህ ግን ልጆቹም ወላጆቹም "ክርስቲያን ኮሌጅ አይደል እንዴ?" ይላሉ። አንዳንዱ ይህን የሚለው ልጁ እንድትሰለፍለት ነው። አንዳንዱ ግን ከልቡ ነው። እኔም ጥያቄውን ከልቤ ነው የያዝኩት። ከጨዋታ በፊት አብሮ መጸለይ ቀላል ነው። አንዲትን የ20 ዓመት ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጦ "ዘንድሮ ብዙ አትጫወቺም" ማለት ግን ይከብዳል። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት? ስለ አሰላለፍም፣ ስለ ምልመላም፣ ስለ ጸሎትም ያላችሁን ንገሩኝ።

የድሮዋ ሊቤሮ

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። በዚሁ ሥራ ላይ ብዙ ስለቆየሁ የማምንበትን ልንገርህ። ክርስቲያን አሰልጣኞች ጋ ደጋግሜ የማየው ችግር ይሉኝታ ነው። ልጅቷን ላለማስቀየም "ተዘጋጂ፣ ጊዜሽ ይመጣል" ይሏታል። ጊዜዋ እንደማይመጣ እያወቁ። ይህ ውሸት ነው። በለሰለሰ ድምፅ ስለተነገረ እውነት አይሆንም። ልጅቷ ደግሞ ሞኝ አይደለችም። በጥቅምት አካባቢ ነገሩ ይገባታል። ከዚያ በኋላ ስለ እምነት የምትነግራትን ሁሉ በዚያው ጆሮ ነው የምትሰማህ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጨዋታ ከመድረሱ በፊት እያንዳንዷን ለብቻዋ አነጋግራለሁ። አሁን የት እንዳለች፣ ከእሷ ቀድማ ማን እንዳለችና ለምን እንደቀደመች፣ ምን ቢሻሻል አሰላለፉ ሊቀየር እንደሚችል በግልጽ እነግራታለሁ። "በራስ መተማመንሽን አሳድጊ" አልላትም። እንዲህ ያለ ምክር ይዛ ምን ትሥራበት? ይልቅ እንዲህ እላታለሁ፦ "ሰርቭ ስትቀበዪ በግራሽ በኩል ለሚመጣው ኳስ እግርሽ አይንቀሳቀስም። እጅሽን ብቻ ትሰጂለታለሽ። ትከሻሽ ወደ ውጭ ስለሚዞር ኳሱ ከሴተሯ (ለአጥቂዎች ከምታቀብለዋ) ርቆ ወደ መስመሩ ይሄዳል።" ይህን የሰማች ልጅ ነገ ጠዋት ሜዳ ገብታ የምትሠራው ነገር አላት።

ቁጥርም ይረዳል። ሰርቭ መቀበልን ከ0 እስከ 3 ነጥብ እየሰጠን እንመዘግባለን። ሴተሯ ሁሉንም አጥቂ መጠቀም የምትችልበት ኳስ 3 ነው። አማራጩ ከጠበበ 2። ከፍ ያለ ኳስ ወደ አንድ ጎን ከመስጠት ሌላ ምርጫ ከሌላት 1። ነጥብ ከጠፋ 0። በልምምድም በጨዋታም ይያዛል። ልጅቷ መጥታ ስትጠይቀኝ ወረቀቱን አብረን እናያለን። ግድግዳ ላይ ግን አልለጥፈውም። ቁጥሩ ለእሷ ነው እንጂ ለሰው መመልከቻ አይደለም።

ሁለተኛ ኳስ

ከእትዬ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ግን ከንግግሩ በፊት አሰላለፉን ራሱን እንመርምር። ብዙ አሰልጣኝ "ቦታ የለም" የሚለው ቦታ ሳይፈልግ ነው።

በአሜሪካ የኮሌጅ ጨዋታ፣ በኤን.ሲ.ኤ.ኤ (በትልቁ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር) የሴቶች ሕግ፣ በአንድ ዙር 15 ቅያሬ ይፈቀዳል። በዓለም አቀፉ ሕግ ስድስት ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ይከፍትልሃል። ብዙ ቡድን 5-1 ይጫወታል። አንዲት ሴተር ስድስቱንም ሮቴሽን (ተጫዋቾች በተራ ቦታ የሚቀያየሩበትን) ትመራለች። 6-2 ብትጫወት ግን ሁለት ሴተር ይኖሩሃል። አንዷ ከኋላ መስመር ሆና ታቀብላለች። ወደ ፊት መስመር ልትወጣ ስትል በአጥቂ ትቀየራለች፣ በዚያው ቅጽበት በተቃራኒው ያለችው አጥቂ ወጥታ ሁለተኛዋ ሴተር ከኋላ ትገባለች። ሁለት ቅያሬ ማለት ነው። ስድስቱ ሮቴሽን አንዴ ሲዞር አራት ቅያሬ ይወስድብሃል። 15 ካለህ ይበቃሃል። በዓለም አቀፉ ሕግ ግን ሦስተኛው ላይ ቅያሬህ ያልቃል።

ትርፉ ምንድነው? ሁልጊዜ ፊት መስመር ላይ ሦስት አጥቂ አለህ። ሁለት ሴተርና ሁለት የቀኝ አጥቂ በየጨዋታው ይገባሉ። የሰርቭ ስፔሻሊስትና የኋላ መከላከያ ስትጨምር 11 ወይ 12 ልጅ በእውነተኛ ሥራ ሜዳውን ይረግጣል። የሊቤሮ መግቢያና መውጫ ከ15ቱ አይቆጠርም። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ሁለት ሊቤሮ ማስመዝገብ ትችላለህ፣ ሜዳ ላይ የምትሆነው በአንድ ጊዜ አንዷ ብትሆንም።

በዚያው በ2024 ሌላም ለውጥ መጥቷል። በሁለተኛው ንክኪ ላይ ቀጥሎ ኳሱን የቡድን ጓደኛ እስከነካችው ድረስ፣ በአንድ ሙከራ እጅ ላይ ሁለቴ ቢነካ ፊሽካ አይነፋም። መረቡን ከተሻገረ ግን ጥፋት ነው። ይህ ማለት እጇ ገና ያልጠራች ልጅንም በሴተርነት ማሠራት ትችላለህ። ቀድሞ ዳኛ ይነፋባታል ተብሎ ስለሚፈራ ብቻ ወንበር ላይ የምትቀር ልጅ ነበረች። አሁን ያ ሰበብ የለም።

ይህ ሁሉ ለሁሉም ቡድን ይሠራል ማለቴ አይደለም። አንዲት በጣም የበለጠች ሴተር ካለችህ 5-1 ተጫወት። ለማስደሰት ተብሎ የሚሠራ አሰላለፍ ልጆቹም ይጠሉታል።

ቁጥር 14

እኔ አሰልጣኝ አይደለሁም። በእንዲህ ያለ ኮሌጅ ተጫዋች ነበርኩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ላይ። ከዚያ ወገን ያለውን ልንገራችሁ።

ወንበር ላይ መቀመጥ አይደለም የሚጎዳው። የማይረባ ሥራ መሰጠት ነው የሚጎዳው። ቡድናችን ውስጥ የማይጫወቱ ልጆች "የጸሎት መሪ"፣ "የመንፈስ አነቃቂ" ይባሉ ነበር። ሁላችንም ማካካሻ መሆኑን እናውቀው ነበር። እባካችሁ ጸሎት መምራትን ለማትጫወት ልጅ መደለያ አታድርጉት። ጸሎቱንም ልጅቷንም ያዋርዳል።

በኋላ የመጣችው አሰልጣኝ ግን እውነተኛ ሥራ ሰጠችኝ። የተቃራኒ ቡድን ሴተርን እንድከታተል። ሌላ ምንም አልመለከትም፣ እሷን ብቻ። አንዷ ወደ ኋላዋ ልትሰጥ ስትል ኳሱ እጇ ከመድረሱ በፊት ጀርባዋ ቀስት ይሠራ ነበር። ወደ ፊት ስትሰጥ ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው። ይህን በእረፍት ሰዓት ለመሐል ብሎከራችን (መረቡ ላይ ዘልላ የተቃራኒን ምት ለምትመልሰዋ) ነገርኳት። በሚቀጥለው ዙር ቀድማ እየደረሰች ሁለት ኳስ መልሳ ጣለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእረፍቱ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እኔን ነበር። ያኔ የቡድኑ አባል እንደሆንኩ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

አባት ነኝ

እኔ ደግሞ በወላጅ በኩል። ልጄ በዲቪዚዮን 3 (በሦስተኛው እርከን) ክርስቲያን ኮሌጅ ትጫወታለች። ለማታውቁት፣ በኤን.ሲ.ኤ.ኤ ዲቪዚዮን 3 የስፖርት ነጻ ትምህርት ዕድል የለም። በሌላው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር፣ በኤን.ኤ.አይ.ኤ፣ ሥር ያሉት መስጠት ይችላሉ። ሁለቱም ውስጥ ብዙ ክርስቲያን ኮሌጆች አሉ። ከ1968 ጀምሮ ደግሞ ለክርስቲያን ኮሌጆች ብቻ የተቋቋመ ማኅበር፣ ኤን.ሲ.ሲ.ኤ.ኤ፣ አለ። ወላጅ እነዚህን ሳያጣራ ልጁን መላክ የለበትም።

አሁን ወደ ምልመላ። ልጄን ሲመለምሏት አንድ አሰልጣኝ "እግዚአብሔር አንቺን ወደዚህ እንዳመጣሽ ይሰማኛል" አላት። ልጄ 17 ዓመቷ ነበር። ይህን የሰማች ልጅ እንዴት እምቢ ትላለች? እምቢ ካለች አሰልጣኙን ሳይሆን እግዚአብሔርን እምቢ ያለች ይመስላታል። ደግሞ ያንኑ ቃል ለሌሎች የእሷ ቦታ ተጫዋቾችም ብሏቸው ነበር። እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ። ስለ ቡድናችሁ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ክፍያው፣ በእሷ ቦታ ስንት ልጅ እንዳለ ተናገሩ። ጥሪውን ለእሷና ለአምላኳ ተዉት።

መረብ ዳር

የሁላችሁም ጠቅሞኛል። ቁጥር 14፣ ስለ ሴተሯ ጀርባ ያልሽውን ለረዳቴ አሁኑኑ ልኬለታለሁ። አባት ነኝ፣ ልክ ነዎት። በስልክ የምለውን እንደገና አስብበታለሁ።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ኮሌጃችን እምነት ሳይጠይቅ ሁሉንም ይቀበላል። ቡድኑ ውስጥ የማያምኑ ልጆችም አሉ። ጸሎቱን እንዴት ላድርገው? ሁለተኛ፣ ወንድ ሆኜ ሴቶችን ነው የማሠለጥነው። ስለዚያስ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የድሮዋ ሊቤሮ

በኮሌጆቹ መካከል ልዩነት አለ። አንዳንዱ ተማሪው ሁሉ የእምነት መግለጫ እንዲፈርም ይጠይቃል። አንዳንዱ እንደ እናንተው ነው። ልጅቷ ስትመጣ ምን እንደሚጠብቃት ከምልመላው ጀምሮ ማወቅ አለባት። እኛ ጋ ጸሎቱ አጭር ነው፣ የማትፈልግ ቆማ ትጠብቃለች፣ ማንም ዓይኑን አያፈጥባትም። ማን እንደጸለየና ማን እንዳልጸለየ ሜዳ ላይ ትርጉም እንዳይኖረው በጣም እጠነቀቃለሁ። ለማሸነፍ አንጸልይም። ከመረቡ ማዶ ያሉትም ብዙ ጊዜ ክርስቲያኖች ናቸው። ከጨዋታ በኋላ ሁለቱ ቡድን ክብ ሠርተው አብረው ሲጸልዩ ደስ ይለኛል። አምስተኛ ዙር ድረስ ተናንቀው፣ ላባቸው ሳይደርቅ፣ አንዷ የሌላዋን ትከሻ ይዛ።

አንድ ነገር ግን አልታገስም። በጸሎት ውስጥ ተግሣጽ። "ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ያልተጉትን አንቃቸው" የሚል አሰልጣኝ ሰምቼ አውቃለሁ። ልትቆጣ ከፈለግህ ዓይንህን ገልጠህ ተቆጣ።

ወንድ ስለመሆንህ፦ በር ክፍት ይሁን። ለብቻ ስታነጋግር ሰው በሚያይህ ቦታ አድርገው፣ የሜዳው ጥግ ላይ ያለው ወንበር ይበቃል። አንዲት ልጅን ብቻ ጭነህ በመኪና አትሂድ። የስልክ መልእክትህ ረዳትህ ባለችበት ቡድን ውስጥ ይሁን። ሴት ረዳት ከሌለችህ ቅጠር። ይህ እነሱንም አንተንም ይጠብቃል። ልጅ ስታለቅስ ደግሞ አትደንግጥ። ብዙዎቹ እያለቀሱ በደንብ ይሰማሉ። ጠብቃትና የጀመርከውን ጨርስ። ስላለቀሰች ሐሳቡን ማለስለስ፣ እሷ እውነቱን መሸከም እንደማትችል አድርጎ ማየት ነው።

ፊዚዮ

የአካሉን ነገር ማንም ስላላነሳው ልግባ። የስፖርት ጉዳት ሕክምና ላይ ነው የምሠራው።

ዝላይ ባለበት ስፖርት የሴቶች የፊት መስቀል ጅማት (ጉልበት ውስጥ ያለው) ጉዳት ከወንዶቹ በጣም ይበልጣል። ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ማንም ሳይነካቸው፣ ሲያርፉ ነው። ከብሎክ ስትወርድ ጉልበቷ ወደ ውስጥ የሚገባ ልጅ ካለች ልብ በል። በአንድ እግር የምታርፍም እንዲሁ። በማሟሟቂያ ላይ ከዝላይ በኋላ ማረፍን፣ ሚዛንንና የዳሌ ጡንቻን የሚያሠራ ቋሚ ፕሮግራም ካስገባህ ጉዳቱ ይቀንሳል። ዋናው ነገር ወቅቱን ሙሉ አለማቋረጥ ነው።

ሌላው ምግብ ነው። እባክህ ልጆቹን አትመዝን። ስለ ውፍረትም ስለ ቅጥነትም ቃል አይውጣህ፣ በቀልድም ቢሆን። የምታወጣውን ጉልበት የሚያክል የማትበላ ተጫዋች ወር አበባዋ ይቀራል፣ አጥንቷ ይሳሳል፣ የድካም ስብራት ይመጣባታል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ለዚህ ችግር ስም ሰጥቶ መመሪያ አውጥቷል። ክርስቲያን ኮሌጅ ላይ ደግሞ ጾምን ጨምርበት። በጾም ስም ምግብ የምትሸሽ ልጅ አለች። ከእውነተኛ ጾም መለየቱ የአንተ ሥራ አይደለም። ወደ ሐኪም ማገናኘቱ ግን ነው። ጾሙ ከጨዋታ ሳምንት ጋር ከገጠመ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አጥቂ መስመር

ትንሽ ልቃወም። ስለማትጫወተዋ ብዙ ተባለ፣ ጥሩ ነው። ስለምትጫወተዋስ? ክርስቲያን ኮሌጅ ውስጥ ትልቁ ፈተና ከኮከቧ ጋር ይመስለኛል።

ልምምድ የምትዘገይ ግን በየጨዋታው 15 ኳስ የምትገድል (መትታ ነጥብ የምታገኝ) አጥቂ አለች እንበል። "ጸጋ እናድርግላት" ይባላል። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስተኛዋ ሊቤሮ ስትዘገይ "ሥርዓት ሥርዓት ነው" ይባላል። ይቅርታ የሚደረገው ለምታሸንፍልን ብቻ ከሆነ፣ በቃሉ መነገድ ነው። ሕግ ካወጣህ አነስተኛ አድርገው፣ ግን ለሁሉም አስከብረው። ኮከቧን የመጀመሪያውን ዙር አስቀምጣት። ልትሸነፍ ትችላለህ። ይሁን።

ደግሞ ማሸነፍን አታንኳስሱት። ልጆቹ ለማሸነፍ ነው የሚለፉት። ደካማ ልምምድ ይዘህ "እኛ ለባሕርይ ነው የምንሠራው" ማለት ስንፍናን በእምነት መሸፈን ነው። ካልቪን ዩኒቨርሲቲን ተመልከቱ፣ የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው፣ በ2010፣ በ2013 እና በ2016 የዲቪዚዮን 3 ሻምፒዮን ሆኗል። የሞርሞኖች ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እሑድ አይጫወትም፣ ግን በትልቁ ዲቪዚዮን ከምርጦቹ ጋር ይፎካከራል። እምነትን መያዝና ጠንክሮ መጫወት አይጣሉም።

ሁለተኛ ኳስ

አጥቂ መስመር ያለው ላይ አንድ ታሪክ ልጨምር። ጨዋታውን በ1895 የፈጠረው ዊሊያም ሞርጋን በሆልዮክ፣ ማሳቹሴትስ፣ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር የስፖርት ኃላፊ ነበር። ቅርጫት ኳስ ለሚከብዳቸው ጎልማሶች ብሎ ነው ያዘጋጀው። ያኔ ስሙ ሚንቶኔት ነበር፣ በየቡድኑ የሚገባው ሰው ቁጥርም ገደብ አልነበረውም። ዛሬ ጨዋታው ሌላ ሆኗል። ግን ከመጀመሪያው ብዙ ሰው እንዲጫወት ታስቦ መሠራቱን ሳስብ፣ ለ12ኛዋ ልጅ ቦታ መፈለግ ከጨዋታው ተፈጥሮ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል።

መረብ ዳር

አጥቂ መስመር፣ የመጀመሪያውን ዙር ስለማስቀመጥ ያልከውን ተቀብያለሁ። ለልጆቹ ሕጉን ስነግር ይህንንም አብሬ እነግራቸዋለሁ፣ በኋላ እንዳይደንቃቸው።

የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፣ በጣም የቀረበኝ እሱ ስለሆነ። የአራተኛ ዓመት የመሐል ብሎከር አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠብቃ ዘንድሮ ቦታው የእሷ ነው ብላ ታስባለች። አዲስ የመጣች የአንደኛ ዓመት ልጅ ደግሞ በግልጽ ትበልጣታለች። የጎን እርምጃዋ ፈጣን ነው፣ እጇ መረቡን አልፎ ይገባል። ምን ላድርግ?

ቁጥር 14

የምትበልጠውን አሰልፍ። እኔ የአራተኛ ዓመቷ ብሆን በርኅራኄ መሰለፍን አልፈልግም ነበር። ቡድኑ ሁሉ ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች።

የድሮዋ ሊቤሮ

እኔም እንደዚያው። ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። መጀመሪያ የምትሰማው የአራተኛ ዓመቷ ትሁን። ከአዲሷ በፊት፣ ከአምበሏ በፊት፣ ስም ዝርዝሩ ከመውጣቱ ቢያንስ አንድ ቀን በፊት። ምክንያቱን በግልጽ ንገራት። "አንቺ ስለምትረጂኝ ነው" አትበላት፣ ሸክሙን ወደ እሷ መጣል ነው። ልትቆጣ መብት አላት። ልምምድ ላይ ግን እንደ ሁሉም ትሠራለች፣ ይህንንም ንገራት። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰህ ጠይቃት። ብዙ አሰልጣኝ ከባዱን ቃል ይናገርና ከዚያ ዓይኗን ይሸሻል። ለልጅቷ ከቃሉ የበለጠ የሚከብዳት ያ ነው።

አዲሷን እንድታሠለጥንልህም አትጠይቃት። ራሷ ከፈለገች ታደርገዋለች። እኔ ያየኋቸው ብዙዎቹ አድርገውታል፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

አባት ነኝ

ለወላጆቿስ ማን ይንገር?

የድሮዋ ሊቤሮ

እሷ ራሷ። አዋቂ ናት። ወላጅ ከደወለልህ በትሕትና "ስለ አሰላለፍ የማወራው ከእሷ ጋር ነው፣ ስለ ጤናዋና ስለ ደኅንነቷ ግን በማንኛውም ሰዓት ይደውሉ" በል።

አባት ነኝ

ከብዶኛል፣ ግን ትክክል ነሽ።

መረብ ዳር

ማክሰኞ አነጋግራታለሁ። የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ላይ የአራተኛ ዓመት ልጆችን የምንሸኝበት ሥርዓት አለ። በዚያ ቀን በመጀመሪያው አሰላለፍ ላስገባት አስቤያለሁ። ያስቀይማት ይሆን?

ቁጥር 14

አንድ ነጥብ አጫውተህ ካስወጣሃት፣ አዎ። ሰው እያጨበጨበ መውጣት ያሳፍራል። ካሰለፍካት ሙሉውን ዙር አጫውታት፣ ሰርቭም ታድርግ። ውጤቱ ቢጠብም አታስወጣት።